60 ሊትር እዚህ፣ 60 ሊትር እዛ

ሰሞኑን እሁድ እሁድ የት ነው የምትጠፋው ላላችሁኝ፣ አናጺው ጓደኛችን ጋር ነኝ፣ ሳጋቱራ ውስጥ። የቤዝ ጊታር ስፒከር ሳጥን እየሠራን ነው። ሦስት ሰዎች ነን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሠርተን ጎን ለጎን አቁመን እናወዳድራለን፣ አራተኛው ጓደኛችን ደሞ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፣ እሱም በኔው ስዕል እዛው ሠርቶ በቴሌግራም ድምጽ እየላከ ይከራከረናል። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ በሱ ሳጥንና በኔ ሳጥን መሀል የተገኘው ልዩነት ነው፣ ያውም ስፒከሩ አንድ አይነት፣ ልኩ አንድ አይነት ሆኖ።

ቤዝ የሚጫወት ሰው ችግሩን ያውቀዋል። እዚህ ሁሉም ነገር ሞንታርቦ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ዘፋኙም ኪቦርዱም ቤዙም። ማይኩ እንዳይጮህ ድምጽ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዝ ነው፣ መድረክ ላይ ቆመህ የምትጫወተውን የምታውቀው በጣትህ እንጂ በጆሮህ አይደለም። በሮሃ ባንድ ጊዜ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወተውን ቤዝ በካሴት እየሰማ ያደገ ሰው ቤዝ ከኋላ ሆኖ ዘፈኑን እንዴት ተሸክሞት እንደሚሄድ ስለሚያውቅ እንደዛ ታፍኖ ሲቀር ያመዋል፣ እኔን በጣም ነው የሚያመኝ። ከውጭ የሚመጣው ካቢኔት ደሞ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከጊታሩ ይበልጣል። ሳጥን ግን ጣውላ ነው፣ ኮላ ነው፣ ሂሳብ ነው፣ ይሠራል።

የኔ ባለ ሁለት 10 ኢንች ነው፣ ዝግ ሳጥን፣ 60 ሊትር፣ በ18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ውስጡ ግድግዳዎቹ እንዳይነዝሩ በሞራሌ ቁራጭ ተወጥሯል። ሁለቱ ስፒከሮች ስምንት ስምንት ኦም ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፣ አምፔ ከዛ በታች አይችልም። የጋሼ (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እሳቸው ሆቴል ሲጫወቱ እኛ አልተወለድንም) ባለ አንድ 15 ኢንች ነው፣ 100 ሊትር፣ ፊቱ ላይ ሁለት የአየር ቱቦ አለው። አናጺው ባለ 12 ኢንች በኤምዲኤፍ ሠራ። ኤምዲኤፍ ለመቁረጥ ይመቻል ጠርዙም ንጹህ ነው የሚወጣው፣ ግን ሙሉው 244 በ122 ባለ 18 ሚሊው 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ክረምት ላይ ውሃ ከነካው ደሞ ያብጣል፣ ስለዚህ ለቤት ጥሩ ነው፣ ሚኒባስ ላይ ጭኖ ለሚዞር ሰው ግን አልመክርም።

ስፒከር ስትገዙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። መጀመሪያ የገዛኋቸው 500 ዋት ይላሉ፣ በሁለተኛው እሁድ የአንዱ ኮይል ተቃጥሎ ቤቱን በሽታ ሞላው፣ ገንዘቤም እንደዛው ቀረ። አሁን የማየው ሌላ ነገር ነው፣ ስፒከሩ ያለ ሳጥን ስንት ኸርዝ (በሰከንድ ስንት ጊዜ) ላይ እንደሚወዛወዝ፣ ኮኑ (ፊቱ ላይ ያለው የሚንቀሳቀሰው ክፍል) ወደፊት ስንት ሚሊ እንደሚሄድ፣ እና ቫስ የሚባለውን ቁጥር፣ ማለት የስፒከሩ ልስላሴ ከስንት ሊትር አየር ልስላሴ ጋር እኩል እንደሆነ የሚነግርህን። ይሄንን ሂሳብ ኔቪል ቲል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1961 አውስትራሊያ ውስጥ ጽፎት ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ አስፋፋው፣ ዛሬ በነጻ የሚወርደው ዊንአይኤስዲ የሚባለው ፕሮግራም የሚያሰላው በነሱ ቀመር ነው።

የጋሼ ሳጥን ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም። ባለ ቱቦ ሳጥን ማለት ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፋ የምትሰማው ነገር ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ሞላ ይሆናል፣ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ክብደት ይሆናል፣ ሁለቱ አንድ ድምጽ ላይ አብረው ይወዛወዛሉ። 100 ሊትር ላይ የውስጥ ስፋታቸው 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የፍሳሽ ቱቦዎች 16 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖራቸው 45 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። ጋሼ ግን መጀመሪያ የቆረጧቸው በ10 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሳጥኑን በጀርባው አስተኛነው፣ ስፒከሩ ጣሪያ ጣሪያ እያየ፣ ከዛ ኮኑ ላይ ትንሽ ጤፍ በተንን። ስልክ ላይ ያለ ቶን ማውጫ አፕ ከአምፑ ጋር አገናኝተን ከ80 ኸርዝ ጀምረን ቀስ እያልን መውረድ ጀመርን። ጤፉ ይዘላል፣ 60 ላይ እንደሚፈላ ነገር ሆነ፣ 55፣ 53፣ ከዛ 52 ላይ ስንደርስ ጤፉ ቁጭ አለ። ድምጹ ግን አልጠፋም፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጋሼ ጧፍ አብርተው ወደ ቱቦው አፍ ሲያስጠጉት እሳቱ ወዲያው ጠፋ። ኮኑ ቆሞ ሥራውን ቱቦው ተረክቦታል ማለት ነው። ወደ 45 ስንወርድ ጤፉ እንደገና ተነሳ፣ ያውም ከበፊቱ ብሶ ከኮኑ ውጪ መሬት ላይ እስኪፈስ ድረስ።

ያ የመጨረሻው ነገር ነው ስፒከር የሚገድለው፣ ምክንያቱም ከቱቦው ድምጽ በታች ኮኑን ይዞ የሚመልሰው አየር የለም። የቤዝ ወፍራሙ ክር ኢ 41 ኸርዝ ነው፣ ባለ አምስት ክር ላይ ያለው ቢ ደሞ 31 አካባቢ። አናጺው ባለ አምስት ክሩን በጋሼ ሳጥን ሲሞክረው ኮኑ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ቷ ቷ እያለ መምታት ጀመረ፣ ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው «ኧረ በቃ ልጄ፣ በቃ፣ አጥፋው!» አሉ። ቱቦዎቹን በ16 ሳንቲ ሜትር ቀየርን፣ ከሱም በላይ በጣም ዝቅተኛውን ድምጽ የሚቆርጥ ፊልተር ከአምፑ በፊት ገባ። ባለ አምስት ክር ያላችሁ ሰዎች ባለ ቱቦ ሳጥን ያለ ፊልተር እንዳትጫወቱበት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ አልከራከርም።

አሁን ወደ ቨርጂኒያው። የሱን ሳጥን የቀዳውን ድምጽ ላከልኝ፣ የኔን ላኩለት፣ «ወንድሜ ያንተ ለምንድነው እንደዚህ የሚለሰልሰው፣ የኔ ቆፍጠን ያለ ነው» አለኝ። እኔም ሰማሁት፣ የኔ ወፍራምና ዘና ያለ ነው፣ የሱ ጠበቅ ያለ። ቀረጻው ነው፣ ክፍሉ ነው፣ ክሩ ነው ስንባባል ሳምንት አለፈ፣ ከዛ ሁለታችንም እንለካ ተባባልን። ዝግ ሳጥን ሲለካ ከስፒከሩ ጋር በተከታታይ አንድ ሬዚስተር ታስገባለህ፣ ቶኑን ከታች ጀምረህ ቀስ እያልክ ታወጣለህ፣ ቴስተሩ ስፒከሩ ጫፎች ላይ ሆኖ ቮልቱ ከሁሉም በላይ የሚወጣበት ኸርዝ የስፒከሩና የሳጥኑ የጋራ ድምጽ ነው። የሱ 69 መጣ። የኔ 64። ከሳጥን ውጪ ግን ሁለታችንም ጋ ስፒከሮቹ 45 አካባቢ ናቸው፣ እሱም እኔም ደግመን ለካን፣ ያው ነው።

ያፈሳል ብዬ ጧፍ ይዤ መጋጠሚያውን በሙሉ ዞርኩት፣ እሳቱ የትም አልተነቃነቀም። ኮላ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። መልሱ የመጣው ማታ ቤት ገብቼ ፕሮግራሙ ላይ ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ስሞላ ነው፣ ለካ የአየር ግፊት የሚባል ቦታ አለው፣ ውስጡ የተሞላው ደሞ 101,325 ፓስካል ነው፣ ይሄ የባህር ጠለል ግፊት ነው። እኛ ያለነው ግን 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ግፊቱ እዚህ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃ እንኳን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው ለዚህ ነው። ዝግ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር ሞላ ነው ብለናል አይደል፣ የሞላው ጥንካሬ ከግፊቱ ጋር ነው የሚሄደው፣ ግፊቱ በሩብ ሲቀንስ ሞላው በሩብ ይለሰልሳል። ስለዚህ የኔ 60 ሊትር አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው ልክ ባህር ጠለል ላይ እንዳለ 80 ሊትር ነው። ጓደኛዬ ደሞ ወንዝ ዳር ነው ያለው፣ ከፍታው ለባህር ጠለል የቀረበ፣ የሱ 60 እውነትም 60 ነው።

ማመን ስላልቻልኩ በማግስቱ አናጺው ጋ ሄጄ አንዱን ስፒከር ፈታሁና ሰባት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ እንደተሞሉ፣ ክዳናቸው ጠብቆ፣ በስፒከሩ ቀዳዳ አንድ በአንድ አስገባሁ። ከ60ው ወደ 15 ሊትር ገደማ ያዙ፣ 45 ቀረ፣ ማለት ሳጥኑም እንደ ግፊቱ በሩብ አነሰ። ስፒከሩን መልሼ አስሬ ለካሁ፣ 69። ቴስተሩን ለአናጺው ሰጥቼው እሱም ለካው፣ 69። ፎቶ አንስቼ ወደ ቨርጂኒያ ላኩ፣ እዛ ሌሊት ነበር፣ ወዲያው ደወለ።

ከዛ በኋላ ይሄ ነገር አላስተኛኝም። ቱቦውን አስቡት፣ የጋሼን። ቱቦው ላይ ከፍታ ለውጥ አያመጣም፣ ምክንያቱም ሳሳ ያለው አየር ሞላውንም ያለሰልሳል ክብደቱንም እኩል ያቀላል፣ ይጣፋሉ፣ 16 ሳንቲ ሜትር ቱቦ እዚህም እዛም ያው 45 ኸርዝ ነው። ጤፉ አዲሱ ቱቦ ላይ ቁጭ ያለው 45 ላይ ነው፣ ሂሳቡ በሚለው ቦታ። የድምጽ መጠን ላይ ግን እንከስራለን፣ ኮኑ እኩል ቢሄድም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ከ2 ዴሲቤል በላይ እናጣለን፣ 3 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፕ ጉልበት እጥፍ እንደሚፈልግ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ትንሽ አይደለም። ለዚህ ነው ከፈረንጅ አገር የኢንተርኔት መድረክ ላይ «100 ዋት ይበቃል» የሚለውን ምክር እዚህ ሰምቼ የማላምነው።

ባለፈው እሁድ ሦስቱን አወዳደርን። መጀመሪያ ድምጻቸውን አስተካከልን፣ ሁለት ሜትር ላይ በስልክ ዴሲቤል መለኪያ፣ ምክንያቱም ጆሮ ጮክ ያለውን ነው ጥሩ የሚለው፣ ይሄ ካልተደረገ ውድድሩ ዋጋ የለውም። ከዛ ፊታቸው ላይ አቡጀዲ ሰቀልን፣ ስስ ስለሆነ ድምጹን አይዝም፣ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ግን ማንም አያይም። አናጺው ከጀርባ ገመድ ይቀያይራል፣ እኔ እጫወታለሁ፣ ጋሼና ሌሎች የመጡ አራት ሙዚቀኞች ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ቤዝ ብቻውን ሲሆን ሁሉም ቁጥር ሁለትን መረጡ፣ የጋሼን 15 ኢንች። ሙሉ ነው፣ ደረት ይነካል፣ ትዝታ ቀስ ብለህ ስትጫወትበት ትልቅ ቤት ውስጥ የገባህ ይመስልሃል።

ከዛ ከበሮና ኪቦርድ ገባ፣ ፈጣን ችክችካ። ወረቀቱ ተገለበጠ። ከአምስቱ አራቱ የኔን ጻፉ (45 ሊትር ሆኖ፣ ሃይላንዶቹ ውስጡ እንዳሉ)፣ ራሳቸው ጋሼም። ጋሼ ሲያስረዱ «ያ ወፍራሙ ከከበሮው ጋር ይጣላል፣ የከበሮው ምት ሳያልቅ እሱ ገና እያወራ ነው» አሉ፣ እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ባለ ቱቦ ሳጥን ቱቦው ካለበት ድምጽ አካባቢ ኖታው ካቆመ በኋላ ትንሽ ይጎትታል፣ በ6 በ8 ምት ላይ ኖታዎቹ ሲቀራረቡ ያቺ ጉተታ ትሰማለች። ደሞ ጆሮ 41 ኸርዝን ራሱን ባይሰማም ከሱ በላይ ያሉትን 82ና 123 ሲሰማ ዝቅተኛውን ራሱ ይሞላዋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 የወጣው የአምፔግ ኤስቪቲ ባለ ስምንት 10 ኢንች ሳጥን ዝግ ነው፣ ከ58 ኸርዝ በታች ድምጹ እየወረደ ይሄዳል፣ እንደዛም ሆኖ በዓለም መድረክ ላይ ስንት ዓመት ቤዝ ተሸከመ።

ይሄን ስል የጋሼን ሳጥን እያጣጣልኩ አይደለም፣ አዳራሽ ውስጥ ቀስ ላለ ዘፈን እሱን ነው የምፈልገው፣ እሳቸውም አይለቁትም። እኔ ግን ሥራዬ ድንኳንና ሰርግ ስለሆነ አዲስ 45 ሊትር ሳጥን ጀምሬያለሁ፣ ካሮጌው ጠበብ ስለሚል ሚኒባሱ ላይ ከወንበር ጀርባ ይገባል፣ ክብደቱም ቀንሷል። ኮምፔንሳቶው ተቆርጦ አናጺው ጋ ተደርድሯል፣ ቅዳሜ ኮላ እንቀባለን።

የቨርጂኒያው ደሞ ትናንት ደውሎ አዲሱን ስዕል ላክልኝ አለ። ይሄ ላንተ አይሆንም፣ አንተ ያለህን 60 እንዳትነካው አልኩት። ሁለቱንም ስዕል ግን ላኩለት፣ እያንዳንዱ ላይ ከሊትሩ ጎን የቦታውን ከፍታ በሜትር ጽፌ።