የወደቀው ክራርና የሚሸሸው ሕፃን

ዛሬ ማታ ፊት ለፊቴ ያለው የጀርመናዊው ሠዓሊ የአልብረክት ዱረር «የኦርፊየስ ሞት» ቅጂ ነው። ዱረር ይህን የብዕር ሥዕል በ1494 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ገና ሃያዎቹን መጀመሩ ነበር፤ ዋናው ጀርመን አገር፣ ሐምቡርግ ኩንስትሃለ በተባለው ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

በግሪክ ተረት በዜማው የታወቀው ሙዚቀኛ ኦርፊየስ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ክንዱን አንሥቶ ራሱን ይከልላል። ግራና ቀኝ ሁለት ሴቶች ዱላ ሰንዝረውበታል። ክራሩ መሬት ላይ ወድቋል፤ አንድ ራቁቱን የሆነ ሕፃን ይሸሻል። ከላይ ዛፉ ላይ ጽሑፍ ያለበት ጥብጣብ ተንጠልጥሏል።

ክራሩን «የሞት ምልክት» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔን ግን አላረካኝም። የጥንቱ ሮማዊ ባለቅኔ ኦቪድ እንደተረከው፣ የተወረወረበት ድንጋይ እንኳ በዜማው ተማርኮ እግሩ ሥር ይወድቅ ነበር። ሴቶቹ ሊደፍሩት የቻሉት ከበሮውና ዋሽንቱ፣ ጩኸቱም ተጨምሮ ዜማውን ከዋጠው በኋላ ነው። ስለዚህ ያ የወደቀ ክራር ሰውየው ለምን እንደሚመታ ይነግረኛል፦ መሣሪያው ዝም ብሏልና። ዛፎቹንም ያየሁት በዚሁ ዓይን ነው። በተረቱ ዛፍ ሳይቀር ዜማውን ፍለጋ ይመጣለታል፤ እዚህ ግን ቅጠላቸው ጥቅጥቅ ብሎ ከጀርባው ቆመዋል፣ አንዱም አይደርስለትም።

የተነሣው ክንድ የዱረር ፈጠራ አይደለም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪው አቢ ዋርቡርግ በ1905 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሥዕል ሲናገር፣ አኳኋኑ ከጥንት የግሪክ ሸክላዎች ጀምሮ ሲወራረስ መምጣቱን አሳይቷል። ዱረርም ያገኘው በጣልያኖች በኩል ነው። ቢሆንም ምንም አልቀዘቀዘብኝም። ሰው ዱላ ሲመጣበት ሌላ ምን ያደርጋል?

ያስቸገረኝ ጥብጣቡ ነው። ኦርፊየስ ሚስቱን ዩሪዲስን ካጣ በኋላ ከሴት ርቆ ወደ ወንዶች ልጆች ፍቅር አዘነበለ ይባላል፤ ጽሑፉ የዚህ ነገር ጀማሪ እሱ ነው ብሎ በጀርመንኛ ይወነጅለዋል። ጥብጣቡን ካነበብን በኋላ ሕፃኑን የክሱ ማስረጃ አድርገን ማየት ይቃጣናል። ጥብጣቡን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ሕፃኑ ወዲያው ጠብ አይቶ የደነገጠ ልጅ ሆነ፤ ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ እያየ ይሮጣል። የተንበረከከውም ሰው ገላ ላይ ዱረር ያፈሰሰው ጥንቃቄ ለወንጀለኛ የሚፈስ አይመስለኝም። በጥብጣቡ ፈረደበት፣ በብዕሩ ግን አዘነለት፤ እኔ ብዕሩን አምናለሁ።