አሮጌ ማውንቴን ሳይክል በጅማ፦ የሚፈታውን ግዙ

አሮጌ ማውንቴን ሳይክል ሲቀርብልን ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ስፕሬይ ያስነፋዋል። የሳይክሉን ዕጣ የሚወስኑት ግን የማይታዩ ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ የመቀመጫው ዘንግ፣ የመሪው አንገትና የፔዳሉ መሃል አክስል። ሦስቱም የሚፈቱ ከሆነ ሌላው ሁሉ በጎማ፣ በገመድና በግራሶ ይስተካከላል። በዝገት ተጣብቀው ከቀሩ ግን በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ የቶርኖ ቤቱና የበያጁ ሂሳብ ሌላ ሳይክል ይገዛል።

አሮጌ ስል በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠሩትን፣ የብረት ቴላዮ (የሳይክሉ የቱቦ አካል) እና ባለ 26 ኢንች ጎማ ያላቸውን ማለቴ ነው። ዘመኑን ለመገመት ፍሬኑን ማየት ይበቃል። ገመዱ ከላይ ወርዶ መሃል ላይ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ ካንቲሊቨር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1996 በፊት የተሠራ ነው። ሁለት ረዣዥም ክንዶች ኖረውት ገመዱ ከጎን የሚገባው ቪ ፍሬን ሺማኖ በዚያን ዓመት ግድም ያወጣው ነው። ፊቱ ላይ ሾክ ያለው የዚያ ዘመን ሳይክል ካጋጠማችሁ እለፉት። የሾኩ ውስጥ ላስቲክ በዕድሜ ደርቆ ይፈረፈራል፣ መለዋወጫም አይገኝለትም።

ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሳይክል ሱቅ ተሰቅሎ አይጠብቅም። ያለው በየግቢው ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጥግ ተደግፎ፣ ልጁ ካደገ ወዲህ የተረሳ ሆኖ ነው። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ላሉ ሳይክል ጠጋኞች «ባለ ማርሽ የብረት ሳይክል ከመጣ ደውሉልኝ» ብሎ ስልክ መተው ከመዞር ይሻላል። ለቁራሌውም እንዲሁ፣ በኪሎ ሳይሸጠው። ወቅቱም ለውጥ አለው፤ ነሐሴና መስከረም ቡናው ገና ያልደረሰበት፣ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ የሚመጣበት ጊዜ ስለሆነ ሰው ዕቃ ያወጣል። ቡናው ከተሸጠ በኋላ ያው ሳይክል ዋጋው ይወጣል።

የብር ዋጋ እዚህ መጻፍ ትርጉም የለውም፣ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል። ስሌቱ ግን ቋሚ ነው። ከመከራከራችሁ በፊት የእነዚህን ዋጋ ጠይቃችሁ ደምሩ፦ ሁለት ጎማ፣ ሁለት ከመነዳሪ (አየር የሚሞላው የውስጥ ጎማ)፣ አንድ ካቴና (ሰንሰለት)፣ አራት ገመድ ከነሽፋኑ፣ አራት የፍሬን ጎማ፣ የኩሽኔታ ኳሶች። ድምሩን በደህና ሁኔታ ካለ ያገለገለ ሳይክል ዋጋ ላይ ቀንሱ፤ የተረፈው ለሻጩ የምትከፍሉት ጣሪያ ነው። ደረሰኝ ከሌለ ቴላዮው ሥር፣ ፔዳሉ አክስል ግድም የተመታውን ቁጥር የጠቀሰ የሽያጭ ወረቀት በሁለት ምስክር አስፈርሙ። የተሰረቀ ሳይክል ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

ከመክፈል በፊት

ማግኔት፣ ሦስት ሜትር ሲባጎ፣ ሜትርና ባለ ስድስት ጎን 6 ቁጥር ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔቱ ቴላዮው ላይ ይጣበቅ፣ ቸርኬው ላይ አይጣበቅ። የብረት ቴላዮ ቢጣመም ይቃናል፣ ቢሰነጠቅም ጎበዝ በያጅ ይደርስለታል፤ የተሰነጠቀ አልሙኒየም ግን በተራ ብየዳ አይድንም። ቸርኬው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኒኬል የተቀባ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ የፍሬን ጎማ ይንሸራተትበታል፤ ከጅሬን ዳገት በዝናብ ለሚወርድ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አልሙኒየም ቸርኬ ከሆነ ደግሞ ጎኑን በጣት ዳብሱ፤ ወደ ውስጥ እንደ ሳህን ከጎደጎደ በፍሬን ተበልቶ አልቋል።

የመቀመጫውን ማሰሪያ አላልታችሁ ዘንጉን ግራና ቀኝ ጠምዝዙ። ለመሪው፣ ከላይ ያለውን ብሎን ሦስት አራት ዙር ብቻ አላሉና አናቱ ላይ እንጨት አስደግፋችሁ በመዶሻ አንዴ ምቱት። ውስጥ ያለው ሽብልቅ የሚለቀው ሲመታ ነው፤ ሳይመቱት «ተጣብቋል» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው። ለሻጩ ግን ይህን ማስረዳት ግዴታ አይደለም፣ ዋጋው ይውረድ።

ሁለቱን የፔዳል ክንዶች ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ። ሁለቱም እኩል ከተንቀሳቀሱ የላላው የአክስሉ ኩሽኔታ ነው፣ ቀላል ነው። አንዱ ብቻ ከተንቀጫቀጨ የክንዱ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ሰፍቷል፣ ክንዱ ይቀየራል ማለት ነው። ቀጥሎ የመሪው ቱቦ ከታችኛው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከሥሩ በጣት ዳብሱ። ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም ቱቦው ሞገድ ያለው ከሆነ ሳይክሉ ፊት ለፊት ተጋጭቷል፤ ተዉት። አዲስ ስፕሬይ የሚደብቀው ይህንን ነው።

የቴላዮው ቅንነት በሲባጎ ይታወቃል። የኋላው አክስል ከሚገባበት በአንዱ ጎን አስሩት፣ በመሪው ቱቦ ፊት አዙራችሁ በሌላው ጎን መልሳችሁ አጥብቃችሁ አስሩት። ከሲባጎው እስከ መቀመጫ ቱቦው ያለውን ርቀት በሁለቱም በኩል ለኩ። የ2 ሚ.ሜ ልዩነት ይታለፋል። 5 ሚ.ሜ ከደረሰ ኋላው ተጣሟል፤ ብረት ስለሆነ ያለ እሳት፣ በእጅ ይቃናል፣ ግን ዋጋ መቀነሻ ነው።

ጎማ ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ። 26×1.95 ብሎ በነጥብ የተጻፈው የማውንቴን ልክ ነው፣ ጎኑ ላይ 559 የሚልም አለ። 26×1 3/8 በክፍልፋይ የተጻፈው 590 ነው፤ ሁለቱም «26» ቢባሉም አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ለጅማ ቀይ ጭቃ ከ1.75 እስከ 1.95 ይበቃል። ወፍራም ጎማ ያምራል፣ ግን ጭቃው ፎርኩ ሥር ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል። የቸርኬው የአየር መሙያ ቀዳዳ 6.5 ሚ.ሜ ብቻ ከሆነ የተለመደው የመኪና ዓይነት ቫልቭ ያለው ከመነዳሪ አይገባም። በ8.5 ሚ.ሜ መሰርሰሪያ አስፍታችሁ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት፤ ሻካራ ጠርዝ ቫልቩን ከሥሩ ይቆርጠዋል።

ፍታታ

ፔዳል የሚፈታበት አቅጣጫ ብዙ ሰው ያደናግራል። ቁልፉን ፔዳሉ ላይ ወደ ላይ አቁማችሁ ወደ ኋላ ጎማ ጎትቱት፤ ለግራም ለቀኝም ይህ ይሠራል። ለክንዶቹ ፑለር፣ ማለትም ክንዱን ከአክስሉ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። የክንዱን ብሎን ስታወጡ ሮንዴላውንም ማውጣት አትርሱ። ሮንዴላው ውስጥ ከቀረ ፑለሩ አክስሉን ሳይሆን ሮንዴላውን ይገፋል፣ የክንዱም ጥርስ ይላጣል። የመሃል አክስሉን ኩሽኔታ ከግራና ቀኝ የሚይዙት ኩባያዎች ላይ ደግሞ ካቴና ያለበት የቀኝ ጎን የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው፤ ግራው እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ። ይህን ሳያውቁ በረጅም ቱቦ እያስረዘሙ የሚያጠብቁት ኩባያ ነው በኋላ «አልፈታ አለ» የሚባለው።

የተጣበቀ የመቀመጫ ዘንግ የራሱ ጥበብ አለው። ዘንጉ አልሙኒየም፣ ቱቦው ብረት ሲሆን ሁለቱ በእርጥበት ተበላልተው በነጭ ዱቄት ይጣበቃሉ። እኩል የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን ቀላቅላችሁ ከላይ አንጠባጥቡ። ከዚያ ቴላዮውን ገልብጡና በፔዳሉ አክስል ቀዳዳ በኩል ከውስጥም ጨምሩበት። ከእሳት አርቁት፣ ቀለምም ይበላል። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ከዚያ ዘንጉን ሞርሳ ላይ አስራችሁ ቴላዮውን ራሱን እንደ እጀታ አዙሩት። ማሞቅ እዚህ አያዋጣም፤ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ ይበልጥ ይጠብቃል፣ በረዶ ነው የሚረዳው። ዘንጉም ብረት ከሆነ ግን ቱቦውን ከውጭ ማሞቅ ያስኬዳል። አዲስ ዘንግ ስትፈልጉ በአሮጌው ላይ የተመታውን ልክ ተከተሉ። 26.8 እና 27.2 በዓይን አይለዩም፣ በቴላዮ ላይ ግን አንዱ ይወዛወዛል፣ ሌላው አይገባም።

ትንንሽ የዛጉ ብረቶችን፣ ብሎንና ዳዶን፣ አቼቶ ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ንከሩ። በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈትጉ፣ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውኃ እጠቡ፣ ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት ቀቡ። ካቴና እና የኩሽኔታ ኳስ አቼቶ ውስጥ አይገቡም፣ አሲድ ጠንካራ ብረትን ተሰባሪ ያደርገዋል። አልሙኒየምም ይጠቁራል።

ገንዘብ ባይኖር እንኳ ኳሶቹን ቀይሩ። ከሁሉም ርካሹ መለዋወጫ እነሱ ናቸው፣ ልዩነቱ ግን በመጀመሪያው ዳገት ይታወቃል። የፊት ሞዞ (አክስሉን የሚያቅፈው የጎማው እምብርት) በየጎኑ 10 ባለ 4.76 ሚ.ሜ ይወስዳል፣ የኋላው በየጎኑ 9 ባለ 6.35። የፔዳሉ መሃል አክስል ኳሶቹን የሚይዝ ማቀፊያ ቀለበት ከሌለው በየጎኑ 11 ባለ 6.35 ነው። ስትፈቱ ከሥር ጨርቅ አንጥፉና ቁጠሩ። አሮጌውን ግራሶ በላምባ አጥባችሁ ኳሱ የሚሽከረከርበትን ጎድጓዳ በብርሃን እዩ። የተፈነቀለ ጉድጓድ ያለው አክስሉ ላይ ባለው ሾጣጣ ዳዶ ከሆነ ዳዶው ይቀየራል፤ ሞዞው ውስጥ ከሆነ ቸርኬውን ከነሞዞው መቀየር ይሻላል። ለዚህ ዳዶ ፊት 13፣ ኋላ 15 ቁጥር ቀጭን ቁልፍ ያስፈልጋል። ካልተገኘ ተራ ቁልፍ በድንጋይ አስሞርዶ ማሳሳት ይቻላል። በመጨረሻ ሲጠብቅ ጎማው እንዳይነቃነቅ፣ ግን በራሱ ክብደት ዞሮ ቀስ ብሎ እንዲቆም ነው።

ካቴናውን በሜትር ለኩ። ከአንድ ፒን መሃል ተነስታችሁ፣ እሱን ሳትቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ለኩ፤ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚ.ሜ ነው። 306 ተኩል ከደረሰ ካቴናው ይቀየራል። 308 ካለፈ የኋላውም ጥርስ አብሮ አልቋል፤ አዲስ ካቴና ብቻ ካስገባችሁ ዳገት ላይ ይዘላል። ሱቅ ውስጥ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ካቴና ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ሰፊ ስለሆነ ማርሽ አይቀይርም።

ማርሽ መቀየሪያው አልይዝ ሲል ተሰብሯል ብላችሁ አትጣሉት። የሠላሳ ዓመት ግራሶ ውስጡ እንደ ሰም ደርቆ ትንሿን ምላስ ስለያዛት ነው። ገመዱን አውጡ፣ በሲሪንጅ ላምባ እየረጫችሁ «ጠቅ» እስኪል ድረስ ደጋግማችሁ ጫኑት፣ ከዚያ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት አንጠባጥቡ። ውስጡን መፍታት ግን አይመከርም፣ ስፕሪንጉ ዘሎ ከወጣ መልሶ መግጠም ፈተና ነው። የኋላው ማርሽ ቀያሪ የሚንጠለጠልበት ጆሮ ከተጣመመ ማርሹ መቼም አይስተካከልም። የቀዳዳው ክር 10 ሚ.ሜ ስፋት፣ በጥርስና በጥርስ መካከል 1 ሚ.ሜ ስለሆነ የብዙ የኋላ ሞዞ አክስል ይገባበታል። አክስሉን ከነቸርኬው አስገቡና ሁለቱ ቸርኬዎች ትይዩ እስኪሆኑ በቀስታ ግፉ። ብረት ጆሮ ላይ ብቻ።

የፍሬንና የማርሽ ገመድ ሽፋን አንድ አይደሉም። የማርሹ ሽፋን ውስጡ ቀጥ ያለ ሽቦ ነው፣ ለፍሬን ቢገባ በኃይል ሲጨበጥ ይፈነዳል። ከቆረጣችሁ በኋላ ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ፤ የተጨፈለቀ ጫፍ ፍሬኑን እንደ ስፖንጅ ያደርገዋል። በእጅ የሚጨበጠውን የፍሬን መያዣም አታቀላቅሉ። የካንቲሊቨር መያዣ ከቪ ፍሬን ጋር ሲገጠም እስከ መሪው ድረስ ይገባል፤ የቪ መያዣ ከካንቲሊቨር ጋር ሲገጠም ደግሞ ይደርቃል፣ አይዝም።

ዳገቱን በተመለከተ ፊት 28 ጥርስ፣ ኋላ 28 ጥርስ ካለ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለጅሬን ይበቃል። ፊት ላይ ትንሿ ጥርስ ተነቅላ ከሆነ አስመልሷት።

ከመግጠም በፊት ቴላዮውን ከውስጥ ጠብቁት። ከቀለም ሱቅ የተፈላ የተልባ ዘይት በመቀመጫው ቱቦ አፍስሳችሁ ቴላዮውን በሁሉም አቅጣጫ አገላብጡት፣ የተረፈው ይፍሰስ፣ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትተዉ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ዘርግታችሁ አድርቁት። ፔዳሉ አክስል ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍና ከሆነ በሽቦ ክፈቷት፤ የክረምቱ ውኃ የሚወጣው በእሷ ነው። ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁ የተላጠው ቦታ ላይ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አንቲረስት ንኩት። ሙሉ ቀለም ገንዘብ ይበላል፣ ሳይክሉን ግን አንዲት ሜትር አያስኬደውም።

ዘንጉንና የመሪውን አንገት በግራሶ ቀብታችሁ መልሱ። የክንዶቹን ብሎን በ25 ሳ.ሜ እጀታ ላይ 15 ኪሎ በሚያህል ጉልበት አጥብቁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጉዞዎች ሄዳችሁ ስትመለሱ እንደገና አጥብቋቸው፤ ክንዱ ቦታውን እየያዘ ሲሄድ ብሎኑ ይላላል፣ በላላ ክንድ ላይ የተሄደ ቀን ደግሞ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።