የበረንዳው ቁልፍ

ቢሯችን ፒያሳ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ ከሠራቸው አሮጌ ቤቶች በአንዱ፣ ፎቁ ላይ። ከታች አንድ ልብስ ሰፊ አለ። እኛ ቡና እንሸጣለን። የፌር ትሬድ (የፍትሐዊ ንግድ) ምስክር ወረቀት ካላቸው የገበሬ ማኅበራት የመጣውን ቆልተን፣ አሽገን ለሆቴሎችና ለእንግዶች እናቀርባለን። ጎንደር መቼም የቡና አገር አይደለችም፤ ቅርባችን የሚባለው የዘጌው ነው፣ እሱም ከጣና ወዲያ። የኛ ቡና ከሲዳማና ከይርጋጨፌ፣ በ60 ኪሎ ጆንያ ተሞልቶ ይመጣል።

የኔ ሥራ ቅምሻ ነው። ለአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይዘጋጃል። ቀኑን ሙሉ ስንቀምስ ውለን ስንነሳ አንድ ባልዲ አተላ ይተርፋል።

እንግዳ ሲመጣ ስለ ፌር ትሬድ የማስረዳውም እኔ ነኝ። የዓለም ገበያ የቱንም ያህል ቢወድቅ፣ አንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ) የታጠበ አረቢካ ቡና በፌር ትሬድ ውል ከ1 ዶላር ከ80 ሳንቲም በታች አይገዛም። ይህ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት 1 ዶላር ከ40 ነበር። በላዩ ላይ 20 ሳንቲም ፕሪሚየም፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍያ፣ አለ። እዚች ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ድምፄ ከፍ ይላል፣ ከልቤ ስለምወዳት። ፕሪሚየሙ የሚገባው ለማኅበሩ ነው። በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ሰጥተው ነው። ትምህርት ቤት ይሁን፣ ውሃ ይሁን፣ መፈልፈያ ማሽን ይሁን፣ ገዢው አያገባውም። «የለፋው ሰው ይወስናል» እላለሁ ለእንግዶቹ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላስታውስም።

አምና ሰኔ ላይ ሥራ አስኪያጃችን በረንዳው ላይ አትክልት እንትከል አለ። ሁላችንም ደስ አለን። ባዶ ጆንያዎቹን አፈር ሞላናቸው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ከዳር ደግሞ ለቡናችን የሚሆን ጤና አዳም ተከልን። ኃላፊነቱን እኔ ወሰድኩ። ማንም አልሰጠኝም፣ ራሴ ነኝ የወሰድኩት።

ቢሯችንን የምታጸዳውን ሴት ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ከታላቅ እህቴ ጥቂት ትበልጣለች። ያደገችው ደምቢያ ነው። ጎመንና ሽንኩርት ስትኮተኩት፣ ስታጠጣ ነው ልጅነቷ ያለፈው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። አብረን ስንሠራ ሦስት ዓመት ሆኖናል፣ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

የቡና አተላ ለአትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው የሚል ነገር ስልኬ ላይ አነበብኩ። ባልዲው ደግሞ በየቀኑ ይሞላል። በየጆንያው ላይ ሁለት ጣት ያህል ከመርኩበት። እታለም መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ አየችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ትኩሱን እኮ አይወድም። ከእበትና ከገለባ ጋር ይብላላና ነው እንጂ።»

«አይ እታለም፣ ይኼ በጥናት የተረጋገጠ ነው» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ወለሉን መጥረግ ቀጠለች።

ሐምሌ ሲጋመስ ቆስጣው ቢጫ ሆነ። ሰላጣው ከአንድ ስንዝር አልፈቅ አለ። አተላው ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል፤ ዝናቡ ሲወርድበት ወደ ሥሩ ሳይገባ በላዩ ይሸሻል። ምክንያቱን በኋላ አጥርቼ አነበብኩት። ካፌይን የቡና ተክል ራሱን የሚከላከልበት ነገር ነው፤ የለጋ ችግኝን እድገት ያቀጭጫል። ያልተብላላ አተላም አፈር ውስጥ ሲበሰብስ፣ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይሻሙበታል። ሲብላላ ግን ያው አተላ ግሩም ማዳበሪያ ይሆናል። እታለም በአንድ አረፍተ ነገር የነገረችኝ ይህንኑ ነበር።

እኔ ግን ያን ጊዜ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈለግሁ። ሰው እየነካካብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። የበረንዳውን በር ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ክረምት ላይ ቢሯችን በበዓል አብሮ የመውጣት ልማድ አለው። ሐምሌ 7 ለሥላሴ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንሳለማለን፣ ነሐሴ 13 ለቡሄ እንወጣለን፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ደግሞ አደይ አበባ ለማየት ወደ ቁስቋም እንሄዳለን። ቢሮ ጠባቂ ሆና የምትቀረው ሁልጊዜ እታለም ናት። ለምን እሷ እንደሆነች ተነጋግረንበት አናውቅም።

የቡሄ ዕለት ፋሲል መዋኛ ሄድን። ግንቡን በሥሮቻቸው አንቀው የያዙት እነዚያ ትልልቅ ዛፎች ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። ሙልሙል ነበር፣ ጠላ ነበር። ልጆቹ ጅራፍ ያጮሃሉ፣ እኛም ከነሱ ጋር ሆያ ሆዬ እያልን ነው። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ከዚያ በረዶ ወረደ። ተሯሩጠን ተጠለልን። እጄን ለማሞቅ ኪሴ ስከተው ቁልፉን ነካሁት።

ስልኬን አየሁ። እታለም ስድስት ጊዜ ደውላለች። በሆታው አልሰማሁትም። መልሼ ብደውል አታነሳም።

በዚያ በረዶ ባጃጅ ከየት ይመጣል። ጋብ ሲል በእግሬ ሮጥኩ።

ስደርስ ልብስ ሰፊው ደጁ ላይ ቆሟል፤ ረጅም መሰላሉ በረንዳችን ላይ ተደግፏል። የሆነውን እሱ ነገረኝ። በረዶውና ዝናቡ አተላውን ከየጆንያው አጥቦ የውሃ መውረጃውን ቱቦ ደፈነው። በረንዳው ገንዳ ሆነ። ውሃው በበሩ ሥር ወደ ውስጥ፣ ወደ ናሙና ክፍሉ ገባ፤ በስንጥቁ ደግሞ ወደ ልብስ ሰፊው ጣሪያ ወረደ። በሩ ተቆልፏል። እታለም መጀመሪያ የቡናውን ጆንያዎች ብቻዋን እየጎተተች ጠረጴዛ ላይ ሰቀለች። ቀጥላ መሰላሉን ተበደረች። በረዶው እየወረደባት ከመንገድ ወደ በረንዳው ወጣችና ቱቦውን በእጇ ከፈተችው።

ጥሬ ቡና የሚቀመጠው እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሆኖ ነው። ከዚያ ካለፈ ይሻግታል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ሁለት ጆንያ ከሥሩ ርሶብናል። የቀረውን ያዳነችው እሷ ናት።

ፎቅ ስወጣ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል። እጆቿ እስከ ክርን በአተላ ጠቁረዋል። እኔ ሙልሙል ይዤላት ነበር፤ ለሷ ብዬ ነበር የያዝኩት። እጄ ላይ ከበደኝ።

«እታለም፣ ይቅር በይኝ።»

«ቁልፉን ግን ለምን ወሰድከው?» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ጥሩ መልስ የለኝም። የሷን እጅ ፈርቼ ቆለፍኩት ብላት፣ ያ እጅ ፊቴ ነው ያለው።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ሁሉንም ተናገርኩ። የነገረችኝን ምክር፣ የመለስኩላትን መልስ፣ ቁልፉን። ሥራ አስኪያጃችን ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ለእንግዶች የምንነግራቸውን ነገር እዚህ ቤት ውስጥ አልሠራንበትም» አለ። እኔም ከዚያ ውጭ የምጨምረው አልነበረኝም። እታለምን ምን ይሻላል አልናት። መጀመሪያ አፈረች። ቀጥላ ግን አንድ በአንድ ተናገረች፣ እኛም ጻፍን።

የአትክልቱ ኃላፊ እሷ ሆነች፣ ከነ አበሉ። የሥራ አበል ይሁን የሚለው ላይ ትንሽ ክርክር ነበር፤ እኔ አጥብቄ ተከራከርኩ፣ አሁንም ልክ ነበርኩ እላለሁ። አተላው በርሜል ውስጥ ከእበትና ከገለባ ጋር እንዲብላላ ተደረገ። የቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ሽቦ ታሰረ። የልብስ ሰፊውን ኪሳራ ከፈልን። ቁልፉ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። በበዓል መውጫ ቀን ማን ይቀራል የሚለው ደግሞ በዕጣ ሆነ፣ ሥራ አስኪያጁንም ጨምሮ።

ለቁስቋሙ መውጫ ዕጣው የወጣው በእኔ ላይ ነው። ቅዳሜ ነበር። እታለም አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ከሁሉም ቀድማ መኪናው ውስጥ ገባች። በዚያ ሁሉ ዓመት ከኛ ጋር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

ከቀትር በኋላ ደወለች። ከኋላዋ ጭብጨባና ዘፈን ይሰማል።

«ወንድምዓለም፣ ቆስጣውን አጠጣኸው?»

«ሌሊት ዘንቧል እኮ እታለም።»

«ከክዳኑ ሥር ላሉት አይደርስም። ጣትህን ከተት አድርገህ እየው።»

ቁልፉን ከሚስማሩ አውርጄ ወጣሁ። ከግድግዳው ጥግ ያለው ጆንያ ውስጥ ጣቴን ከተትኩ። አፈሩ ደረቅ ነበር። ጆጉን ሞልቼ ተመለስኩ።