ኤርፖርት የሌላት ከተማ፣ የ1 ሰዓት በረራ

አንድ ጓደኛዬ ለሥራ ራቅ ወዳለች ትንሽ ከተማ ሊሄድ ነበር። ስልኩን አወጣና ርቀት የሚያሰላ ድረ ገጽ ላይ የሁለቱን ከተሞች ስም አስገባ። 400 ኪሎ ሜትር፣ በረራው 1 ሰዓት። "በቃ፣ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ" አለኝ። ከተማዋ ግን ኤርፖርት የላትም!

ድረ ገጹ ዋሸ አልልም። የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይወስዳል፣ ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያላት ኳስ አድርጎ በላይዋ ላይ አጭሩን መስመር ይለካል፣ ያንን ለአንድ ጄት ፍጥነት (በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር እንበል) ያካፍላል፣ ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጣል ያደርግበታል፣ አለቀ። ማኮብኮቢያ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ባሕር መሃል ያለ ነጥብ ብትሰጡትም አስልቶ ይሰጣችኋል።

ማረፊያ ቢኖርም እኮ ሒሳቡ ሌላ ነው። አጭር ማኮብኮቢያ ላይ ትልቅ ጄት አያርፍም። የሚመጣው እንደ ኤቲአር 72 ያለ ባለ ፕሮፔለር ነው፤ እሱ ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 400ውን ለመጨረስ 48 ደቂቃ። ፊት ለፊት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ካለ ወደ 57 ደቂቃ ይጠጋል፣ ስትመለሱ ያው ንፋስ ከኋላ ይገፋችኋል። ለዚህ ነው መሄጃና መመለሻው እኩል የማይሆነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓትም አየር ላይ የምትቆዩት ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ እዚያ ደርሶ እስኪቆም ያለው ነው።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እነዚህ ደቂቃዎች ምንም አይደሉም። ሩቅ ከተማ ስትሄዱ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "በሳምንት ስንት ቀን ይበራል?" ነው። ማኮብኮቢያው መብራት ከሌለው ደግሞ ማታ ማረፍ የለም፣ ጠዋት ጉም ከያዘም እሱ እስኪገፈፍ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እኔ አንዴ ለ50 ደቂቃ በረራ ሙሉ ቀን ወንበር ላይ አሳልፌአለሁ። ያን ቀን ያነበብኩት ጋዜጣ እስካሁን በቃሌ አለ።

ጓደኛዬ መጨረሻ ላይ ቅርብ ነው ወደተባለው ኤርፖርት በረረ። ከዚያ በቀጥታ መስመር 120 ኪሎ ሜትር ቀረው። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ስለሚሄድ በመኪና 170 ሆነ፣ ያውም ኮረኮንች። አራት ሰዓት ፈጀበት። መንገድ ላይ ሆኖ ደወለልኝ። ሥራ ፈትቶ የቀረውን ርቀት እዚያው ድረ ገጽ ላይ አስገብቶት ኖሯል።

"39 ደቂቃ በረራ ይላል" አለኝ።