ዝቋላን ያሳበጥኩበት የካቲት

ሰሞኑን የፈንታሌን እሳተ ገሞራ ኢንተርፌሮግራም፣ ማለትም ሁለት የሳተላይት ራዳር ምስሎችን አነጻጽሮ የምድርን እንቅስቃሴ በቀለም ቀለበት የሚያሳይ ምስል፣ ከጥሬው መረጃ ተነስቼ በራሴ ኮምፒውተር ሠራሁ። በታኅሣሥና በጥር 2017 እኛ አዲስ አበባ ላይ አምፖል ሲወዛወዝ እያየን ከፎቅ ስንሮጥ፣ አዋሽ ፈንታሌ ላይ ከሥር የገባው ቅልጥ ዐለት ምድሩን እንዴት እንደገፋው ቀለበቶቹ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አቅቶኝ ነው የምጽፈው። ግን እዚህ ከመድረሴ በፊት የሠራሁትን ጉድ ካልተናዘዝኩ ጽሑፉ ውሸት ይሆንብኛል።

ለጀማሪ ባጭሩ፦ ሴንቲኔል 1 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በየ12 ቀኑ በዚያው መንገድ ተመልሶ ያልፋል። ወደ ምድር የላከው ሞገድ ሲመለስ ጫፉ ላይ ይሁን እጥፋቱ ላይ እንደደረሰ ይመዘግባል። የሁለት ቀን ምዝገባ ሲነጻጸር፣ መሬቱ ወደ ሳተላይቱ ቀርቦ ወይም ርቆ ከሆነ ልዩነቱ በቀለም ቀለበት ይወጣል። የሞገዱ ርዝመት 5.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሄዶ ስለሚመለስ አንድ ቀለበት 2.8 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ ደባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ምድር ተሰንጥቆ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር መስፋቱ የታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። ፕሮግራም መጫን፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ሌሊት ማውረድ፣ መብራት ሲጠፋ እንደገና መጀመር፤ ይህን የሞከረ ሁሉ ያውቀዋልና እዘለዋለሁ።

ወደ ጉዱ ልምጣ። በየካቲት ገና ፈንታሌን መሥራት ስላቃተኝ ቀለል ያለ መለማመጃ ፈለግኩ። ዝቋላን መረጥኩ። ከዙሪያው ሜዳ ከ1,000 ሜትር በላይ ብቻውን ብድግ ያለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ ለዓይን ይመቻል። በ24 ቀን ልዩነት የተነሱ ሁለት ምስሎች ወስጄ ሌሊቱን ሙሉ ሳስኬድ አደርኩ። ጠዋት ስከፍተው አናቱ ላይ ያለው ደን ተበጥብጧል፤ ቅጠል ባለበት ይህ ራዳር አይሆንለትም። ከደኑ በታች ግን ተራራውን የከበቡ ሁለት ያማሩ ቀለበቶች! ቆጠርኩ። ከ5 ሴንቲሜትር በላይ እብጠት።

ወቅቱ ሰው ሁሉ የደነገጠበት ነበር። እኔም በማግስቱ ለመጋቢት አቡዬ ዝቋላ ለመውጣት ስንቅ ለሚያሰናዱት አክስቴ ስልክ ደወልኩ። “ተራራው እያበጠ ነው፣ ዘንድሮ ይቅርብዎት” አልኳቸው። ለአራት ጓደኞቼም ምስሉን ላክሁ።

ጥርጣሬ የገባኝ ምስሉን ሰፋ አድርጌ ስመለከት ነው። ይረርም ቀለበት አለው። ወጨጫም አለው። ሁሉም ተራራ በአንድ ቀን አበጠ እንዴ? ሦስተኛ ቀን ጨምሬ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር ሳነጻጽር ደግሞ ቀለበቶቹ ተገለበጡ። በ24 ቀን ያበጠው ዝቋላ በ12 ቀን ተንፍሶ ቁጭ!

ራዳር ደመናን አልፎ ያያል የሚለውን በየመማሪያው አንብቤያለሁ፤ እውነት ነው። ሲያልፍ ግን አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ያዘገየዋል። ሜዳው ላይ የሚደርሰው ሞገድ በወፍራሙና በእርጥቡ አየር ውስጥ ብዙ ይጓዛል፤ ተራራው አናት ላይ የሚያርፈው ከዚያ አየር በላይ ነው የሚቀረው። ሁለተኛው ቀን እርጥብ ከነበረ ሜዳው የራቀ፣ ተራራው የቀረበ ይመስላል። ስለካ የሰነበትኩት ተራራውን ሳይሆን ሰማዩን ነበር።

ትንሽ የሚያጽናናኝ፣ በዚህ የተሸወድኩት የመጀመሪያው እኔ አለመሆኔ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሲሊ ውስጥ ያለው ኤትና ሲሟሽሽ ታየ ተብሎ በባለሙያዎች ታትሞ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከቀለበቶቹ ከፊሉ የአየር ሥራ መሆኑን ሌሎች አሳይተዋል። እነርሱ ግን ለአክስቶቻቸው አልደወሉም።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፦ በሁለት ምስል ብቻ አፉን የሚከፍት ሰው አትመኑ። ቢያንስ ሦስት ቀን ያዙ፤ አንዱ ቀን ከተበላሸ በነካው ምስል ሁሉ ላይ ምልክቱን እየገለባበጠ ይከተላችኋል። የየነጥቡን ከፍታና እንቅስቃሴ በአንድ ግራፍ ላይ አድርጎ ማየትም ጥሩ ነው፤ እንቅስቃሴው ከከፍታው ጋር አብሮ ከሄደ አየሩን ጠርጥሩ፤ ቢሆንም እውነተኛ እብጠትም ተራራው መሃል ላይ ስለሚሆን ዝቋላን በመሰለ ብቸኛ ተራራ ላይ ይህ ብቻውን ያታልላል። ጎረቤት ተራሮችን እዩ። በቀስተ ደመና ቀለም ማሳየትን እኔ እጠላዋለሁ፤ ምንም የሌለበትን ቦታ ያሳምረዋል። የአየር ጠባይ ሞዴል ተጠቅሞ እርጥበቱን መቀነስ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም አባብሼዋለሁ፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ከእኔ አትማሩ። እንዲያውም ለጀማሪ፣ አላስካ ያለው የሳተላይት መረጃ ማዕከል ምስሉን በነጻ ሠርቶ ስለሚልክ ከዚያ ቢጀመር ይሻላል። እኔ በእልህ ስምንት ወር ከጥሬው ታገልኩ። የፈንታሌው ሲወጣልኝ ግን ብቻዬን ወንበሬ ላይ እልል አልኩ።

አክስቴ ያኔ ምክሬን ሰምተው ዝም አሉ፤ ከዚያም ሄዱ። “አቡዬ ያውቃሉ” ብለው ነበር ለልጃቸው። በስምንተኛው ቀን ጸበል ይዘውልኝ መጡና ከመቀመጣቸው በፊት ጠየቁኝ፦

“ያ ተራራህ ተነፈሰ?”