ስድስት ወር ከሪፐር ጋር፦ ፉጨቱን የዋጠው ክራር

ትናንት ማታ የ22 ደቂቃ የድምፅ ሥራዬን ሬንደር አድርጌ፣ ማለትም ወደ አንድ ፋይል አውጥቼ፣ ጨረስኩ። ሪፐር የሚባለውን የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆኖኛል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለቀ ሥራ ሲኖረኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ጉራ አለበት፤ አልክድም። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፀጉሬን ያስነጨኝን ነገር አብሬ ልንገራችሁ።

ሥራው የጎረቤታችን የጋሼ ትዝታ ነው። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ናቸው። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ሲያወሩት ግን በዐይናቸው ያዩት ይመስላል። እኔ ወሬያቸውን ቀድቼ፣ ቆራርጬ፣ ከሥሩ ክራር አስገብቼ የሚደመጥ ነገር ላደርገው ነው የተነሳሁት።

የመጀመሪያዎቹን ወራት አላረዝማቸውም። መቁረጥ ቀላል ነው። ጠቋሚውን ታስቀምጣላችሁ፣ ኤስን ትጫናላችሁ፣ ክሊፑ ለሁለት ይከፈላል። ጫፎቹን ትንሽ ካደራረባችኋቸው ራሱ ያዋህዳቸዋል። ሳልና «እእእ» ማውጣት በሳምንት ይለመዳል። እኔማ ከመጠን በላይ ለምጄው ትንፋሻቸውን ሁሉ ቆርጬ ጋሼን እንደ ባንክ የስልክ መልእክት አድርጌያቸው ነበር። ትንፋሹን አንድ በአንድ መመለስ ነበረብኝ።

የቀረጻው ጉዳይም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄጄ «ጋሼ፣ ማራገቢያውን ላጥፋው?» ብላቸው፣ «ልታቀልጠኝ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የድሬ ሙቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ሳይነሳ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው የምንቀዳው። አዛን ይገባል፤ አላወጣሁትም። ድሬ ነዋ። በማራገቢያ የተቀዳውን በማጽጃ ፕለጊን ሞክሬው የጋሼ ድምፅ ጀሪካን ውስጥ የገባ መሰለ። ተውኩት።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ፤ ወደ አውቶሜሽን።

ነገሩ ለማታውቁት ይሄ ነው። ጋሼ ሲያወሩ ክራሩ ዝቅ፣ ሲያርፉ ከፍ ማለት አለበት። ፕሮግራሙ እናንተ ፌደሩን (ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ተንሸራታች) ስታንቀሳቅሱ ያስታውስና በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። ትራኩን (ድምፁ የተቀመጠበትን ረድፍ) መርጣችሁ ቪን ስትጫኑ የድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያሳየው መስመር ይታያል፤ ነጥብ በነጥብ ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ኮምፕረሰር (ድምፅን ራሱ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) አስገባና ድምፃቸው ሲመጣ ክራሩን ራሱ ያውርደው» ይሉኛል። አልስማማም። ጋሼ አንዳንዴ ዝም የሚሉት ሊያስቡ ነው። አንዳንዴ የሞተ ጓደኛቸውን ስም ጠርተው ይቆማሉ። ማሽኑ ይሄን በምን ያውቃል? እንባቸውን ሊጠርጉ ሲሉ ክራሩን ከፍ ያደርገዋል። አቦ፣ እንዲህ ያለው በእጅ ነው የሚሠራው።

እጅ ስል ከጅቡቲ የመጣች ያገለገለች ናኖ ኮንትሮል 2 አለችኝ። ስምንት ትንንሽ ፌደር ያላት፣ በዩኤስቢ የምትሰካ። ከላፕቶፔ ቀጥሎ የምወዳት ዕቃ እሷ ናት። ችግሯ ፌደሮቿ ሞተር የላቸውም፤ እስክሪኑ ላይ ያለው ሌላ፣ እጄ ላይ ያለው ሌላ ይሆናል። ስነካው ድምፁ ይዘላል። ከፕሮግራሙ ጋር ስታገናኙት «ሶፍት ቴክኦቨር» የሚለውን ምረጡ፤ እጃችሁ ላይ ያለው ፌደር እስክሪኑ ላይ ያለው ቦታ እስኪደርስ ይጠብቃል። አውቶሜሽኑ የሚመዘገብባቸው ሁኔታዎችም አሉ። «ተች» እጃችሁን ስታነሱ ወደ ድሮው መስመር ይመለሳል፤ እሷ ግን እጄን ማንሳቴን ስለማታውቅ በሱ አልጠቀምባትም። «ላች» ይሻለኛል፤ የተውኩበት ቦታ ላይ ይቆያል። «ራይት» የሚባለውን ግን አትንኩት። አንዴ ረስቼው ልሰማ ብዬ ማጫወቻውን ስጫን የአንድ ምሽት ሥራዬን ከላይ እየጻፈ ጠረገው።

ወደ ፉጨቱ ልምጣ። 9 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ ጋሼ ሁለት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው የድሮውን ባቡር ፉጨት ያፏጫሉ። የሥራው እምብርት እሱ ነው። ክራሩን ከዚያ በፊት ቀስ አድርጌ ወደ ምንም አወረድኩት። ሦስት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ከዚያ መግቢያው ላይ አንዲት ጎረቤት ገብታ ሰላምታ የምትለዋወጥበት 40 ሰከንድ አላስፈላጊ ሆኖ ታየኝና ቆረጥኩት። ከዚያ በኋላ ያለው የጋሼ ድምፅ ወደ መጀመሪያው ተሳበ። አልደገምኩም፣ አልሰማሁም፤ ስፒከር ይዤ ግቢያቸው ሄድኩ።

ፉጨቱ ጋ ስንደርስ ክራሩ ግጥም ብሎ መጣ። ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ እንዳለ ነው የማስበው፤ ድምፁ ግን የለም። ከ40 ሰከንድ በኋላ ደግሞ ክራሩ ያለ ምክንያት ጭጭ አለ። ጋሼ ቀና ብለው «ልጄ፣ ፉጨቱን ባቡር ገጨው እንዴ?» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ነጥቦቹን በማውስ አንድ በአንድ መጎተት ጀመርኩ። ከስልሳ በላይ ናቸው፤ ሃያኛው ላይ ተውኩት። ከዚያ «የኢንቨሎፕ ነጥቦች ከክሊፑ ጋር ይንቀሳቀሱ» የሚል ምርጫ መኖሩን አገኘሁ፤ ኢንቨሎፕ የሚለው ያንን የድምፅ መስመር ነው። እኔው ራሴ ድሮ አጥፍቼው ኖሯል። አበራሁት፣ ቆረጣውን ደገምኩት፣ ያው ነው። ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

የገባኝ በማግስቱ ነው። ነጥቦቹ የሚከተሉት የራሳቸውን ትራክ ክሊፕ ነው። እኔ የቆረጥኩት የጋሼን ትራክ፣ ነጥቦቹ ያሉት የክራሩ ትራክ ላይ! ክራሩ ካልተንቀሳቀሰ ነጥቡ ምን አግብቶት ይንቀሳቀሳል? እሺ ብዬ ሪፕልን፣ ማለትም ስትቆርጡ የኋላውን ስቦ ክፍተቱን የሚዘጋውን ምርጫ፣ ለሁሉም ትራክ አበራሁት። አሁንም እንቢ። ክራሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ረጅም ክሊፕ ነው፤ ሪፕል ደግሞ ከተቆረጠው በኋላ የሚጀምሩትን ክሊፖች ነው የሚስበው።

በመጨረሻ የሠራው፦ 40 ሰከንዱን ከላይ በጊዜ መስመሩ ላይ ምረጡ፤ ከዚያ በተመረጠው ጊዜ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ የኋላውን ወደ መጀመሪያው የሚስበውን ትዕዛዝ ተጠቀሙ። ሁሉንም ትራክ እኩል ይቆርጣል፤ መስመሩም አብሮ ይመጣል። ክራሩ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ትንሽ ዘለለ፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ ከንግግሩ ሥር ዝቅ ብሎ ስለነበር ጫፎቹን አደራርቤ አለፍኩት። ጆሮው ስል የሆነ ሰው ይሰማው ይሆናል።

መምህር ቢጠየቅ መጀመሪያ ቁረጥ፣ አውቶሜሽን መጨረሻ ላይ አድርግ ይላል። ልክ ነው። እኔ ግን አላደርገውም። ክራር የሌለበት ወሬ ሁለት ሳምንት ስሰማ ሞራሌ ይሞታል፤ አንድ አምስት ደቂቃ አሳምሬ ካልሰማሁ ወደ ሥራው አልመለስም። ስለዚህ ምክሬን ስሙ፣ እኔን አትከተሉ። ቢያንስ ከመቁረጣችሁ በፊት ፕሮጀክቱን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት። እኔም ያን ማድረግ የጀመርኩት ከዚህ ወዲህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ በራችንን አንኳኩ። ሙሉውን ሰምተው ወደውታል፤ ፉጨቱን ሦስቴ ደጋግመው አስጫውተዋል። አንዲት ነገር ብቻ አለች። ስለ አንድ የሥራ ባልደረባቸው የተናገሩት ቦታ ይውጣልኝ አሉ፤ ሰውዬው ገና በሕይወት አለ። «ትንሽ ናት፣ ግማሽ ደቂቃም አትሞላ» አሉኝ።

ከፉጨቱ በፊት ናት።