አንድ ልጅ በልምምድ ስንት ጊዜ ኳስ ይነካል? የዘንድሮው የትምህርት ቤት ቡድናችን ውሎ

የስፖርት መምህር ነኝ። ደብረ ብርሃን ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ወንዶችን ቡድን አሰለጥናለሁ። ዘንድሮ የሞከርነውን፣ የሠራልንንም ያልሠራልንንም፣ ለሙያ ባልደረቦቼ ላካፍል ብዬ ነው። ዋንጫ አልበላንም። ግማሽ ፍፃሜ ላይ ቀርተናል። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል።

ጥቅምት ላይ ስንጀምር ሜዳው በልጅ ተሞላ። ኳሶቻችን ግን በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ ደግሞ ልምምዱ ሳያልቅ ሁለት ሦስቴ ፖምፓ ትጠይቃለች። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን የምናደርገው የታወቀ ነው። ልጆቹን ለሁለት ከፍለን፣ አንድ ኳስ ጥለን፣ ፊሽካ ነፍተን እናጫውታለን። ሜዳው ይደምቃል፣ ዳር ያለው ቲፎዞ ይጮኻል፣ ሰዓቱም ይሄዳል።

አንድ ቀን እግሩን ያመመው ልጅ ዳር ተቀምጦ አየሁና ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠሁት። ሥራው የቀኝ ተከላካያችንን ብቻ መከታተል ነው። ተከላካዩ ኳስ በነካ ቁጥር አንድ ጭረት ያሰምራል። ጨዋታው ሲያልቅ ጭረቱ አስር አልሞላም። ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ኳሷን ጠልዞ ማውጣት ነው። ልጁ ላቡ ጠብ እስኪል ሮጧል፤ ለአየሩ ብርድም ግድ አልነበረውም። ግን ከኳስ ጋር የቆየበት ጊዜ ቢደመር ግማሽ ደቂቃ መሙላቱን እጠራጠራለሁ። ይህ ልጅ በሳምንት ሁለቴ ቢመጣ ምን ይማራል?

ከዚያ በኋላ ትልቁን ጨዋታ ለዓርብ ብቻ አስቀረሁት። በሌላው ቀን ሜዳውን በአመድ መስመር ከፋፍለን አራት ለአራት እናጫውታለን። ስፋቱ ሃያ እርምጃ በሰላሳ ነው። ጎሉ ሁለት ድንጋይ፣ በረኛ የለም። ኳስ ከወጣች በእጅ መወርወር ቀርቶ በእግር እየገፉ ይገባሉ። አራት ልጅ ብቻ ሲሆን መደበቂያ የለም። ቆሞ የሚያይ ልጅ ቡድኑ ወዲያው ይጮህበታል፤ እኔ መጮህ አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ላይ ግን ከልጆቹ ጋር ተከራከርን። በሰፈር ደንብ የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ይቆያል። እንደዚያ ከሆነ ብዙ ልምምድ የሚያገኙት ድሮም የሚችሉት ናቸው። ደከም ያለው ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ሜዳዎቹን በተራ ቁጥር ጠራናቸው። ያሸነፈ ወደ አንደኛው ሜዳ አንድ ደረጃ ይወጣል፣ የተሸነፈ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ከጨዋታ የሚወጣ የለም። ትንሽ ቆይቶ እኩያ ከእኩያው ጋር ይገናኛል። የታችኛው ሜዳ ላይ ያሉትም ጎል ያገባሉ። ጎል አግብቶ የማያውቅ ልጅ ሲያገባ ፊቱን ማየት ነው!

«ቲቸር፣ ይቺ እኮ የሰፈር ጨዋታ ናት። ታክቲክ መቼ ነው የሚያሳዩን?» ያለኝ አጥቂያችን ነው። የአውሮፓ ሊግ ጨዋታ አያመልጠውም፤ አሰላለፍ ከእኔ በላይ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ወላጆችም ባልደረቦቼም እንደ እሱ ነበር የሚያስቡት። ለውጡ የታየው ታኅሣሥ አካባቢ ነው። የዓርቡን ትልቅ ጨዋታ ስናደርግ ድሮ ኳሷ ላይ እንደ ንብ የሚሰፍሩት ልጆች ተበታትነው መቆም ጀመሩ። ማንም «ተበተኑ» አላላቸውም። ጠባቡ ሜዳ ላይ ጓደኛቸው አጠገብ ከቆሙ ሁለቱም ኳስ እንደማያገኙ ራሳቸው ደርሰውበታል። አብዶ የሚወደው የግራ መስመር ተጫዋቻችንም መቼ አብዶ ሠርቶ መቼ እንደሚያቀብል ለየ። ሁልጊዜ ማለቴ አይደለም።

ኳስ ለመንካት ግን ልጁ መጀመሪያ መምጣት አለበት። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ገብሱ፣ ባቄላው፣ ስንዴው ይሰበሰባል። ከገጠር የሚመጡት ልጆች በብዛት ይቀራሉ። እኔም ያን ጊዜ ስም መጥራትና የቀረውን መቅጣት ተውኩ። የግራ ተከላካያችን ግን አጨዳው ካለፈ በኋላም መቅረቱን ሲቀጥል እቤቱ ሄድኩ። አባቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ተቀምጠዋል።

«መምህር፣ ኳስ እህል አይሆን። በጎቹንስ ማን ይጠብቅልኝ?» አሉኝ።

«ልክ ነዎት አባባ። ማክሰኞ እርስዎ ይውሰዱት። ሐሙስን ለእኔ ይስጡኝ።»

ትንሽ አሰቡ። «ሐሙስ ሐሙስ ታናሹ በጊዜ ይገባል። እሺ፣ ሐሙስ ይምጣ። ቢሰበርብኝ ግን አንተን ነው የምጠይቅ።»

ልጁ ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ቀርቶ አያውቅም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የመጣ ልጅ አይሰለፍም የሚል ደንብ ያላቸው አሰልጣኞች አሉ። እኛ አገር ያ ደንብ የሚቀጣው ሰነፉን ሳይሆን በግ ጠባቂውን ነው። እኔ አልቀበለውም።

«ቢሰበርብኝ» ያሉት ነገር ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ሜዳችን ጠጠር ነው። የኅዳር ውርጭ የመታው መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው። ታኬታ ያለው ልጅ ጥቂት ነው፤ ሌላው በሸራ ጫማ ወይም በኮንጎ ነው የሚጫወት። ስለዚህ ማሟሟቂያውን ጠበቅ አደረግን። የተጠቀምነው ፊፋ 11+ የሚባለውን ነው። ለማታውቁት፣ 20 ደቂቃ የሚወስድ፣ 15 እንቅስቃሴ ያለው ማሟሟቂያ ነው። መጀመሪያ ዝግ ያለ ሩጫ፣ መሐል ላይ የጥንካሬ፣ የዝላይና ሚዛን የመጠበቅ ሥራ፣ መጨረሻ ላይ ፈጠን ያለ ሩጫ። ጉዳት ይቀንሳል ተብሎ በጥናት የተደገፈ ነው፤ ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ካልተሠራ ዋጋ የለውም። መሣሪያ አይፈልግም ይባላል። ጠጠር ሜዳ ላይ ግን ይፈልጋል። አንዱ እንቅስቃሴ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ቁርጭምጭሚትን ጓደኛ ይዞ፣ ወደ ፊት ቀስ ብሎ መውደቅ ነው። ጠጠሩ ጉልበታቸውን ሲልጠው ልጆቹ ማጭበርበር ጀመሩ። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አራት አጥፈን ከጉልበታቸው ሥር አደረግን፤ ችግሩ ተፈታ።

ጥር መጨረሻ ላይ ለወዳጅነት ጨዋታ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን ሌላ አገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ልጆቹ ሹራብ በሹራብ ሆነው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቡ አንድ በአንድ ወለቀ። ደብረ ሲናን ካለፍን በኋላ መስኮት የመክፈት ጠብ ተነሳ።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ሳንባችን ሰፊ ነው» እያሉ ነበር የሚፎክሩት። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እውነትም አስፈሪ ነበርን፤ ጎልም አገባን። ከዚያ ሙቀቱ ያዘን። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ እኛ የደረስነው ያን ዕለት ጠዋት ነው። የባለሜዳው አሰልጣኝ ደግ ሰው ነው፤ በየአጋማሹ ለመቀዝቀዣ ጨዋታው ይቋረጥ ብሎ ራሱ ጠየቀ። የጨዋታው ሕግም ከ90 ሰከንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይፈቅዳል። የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባም ተስማማን። 3 ለ 1 ተሸነፍን። ሲያልቅ ፓፓያ ቆርሰው አበሉን፤ ልጆቹ ሽንፈቱን እዚያው ረሱት።

እኔን ያስገረመኝ ግን የበረኛችን ምት ነው። እዚህ ሲመታ መሐል ሜዳን የምታልፍ ኳስ እዚያ እየቀደመች ትወድቃለች። ልጁ እግሬን አመመኝ እንዴ ብሎ ደነገጠ። እግሩ ደህና ነው። ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳስ ርቃ ትሄዳለች፤ ቆላ ላይ ወፈር ያለው አየር ይይዛታል። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ በረኛው መጠለዝ ትቶ አጠገቡ ላለው ተከላካይ ማቀበል ጀመረ። ኳሷ ከጎላችን አካባቢ በአጭር ቅብብል ስትወጣ ሳይ የአራት ለአራቱ ልምምድ መጥቶ ሜዳ ላይ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ የመልስ ምት በአጭሩ የምንጀምር ቡድን ሆንን።

ይህን ሊሞክር ላሰበ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ድሮ የመልስ ምት ከፍፁም ቅጣት ምት ክልል ካልወጣች ጨዋታው አይጀመርም ነበር። በፈረንጆቹ 2019 ሕጉ ተቀይሯል፤ ኳሷ ተመትታ ከተንቀሳቀሰች በቃ፣ ተከላካዩ እዚያው ክልሉ ውስጥ ሊቀበላት ይችላል። ባላጋራ ግን ምቱ እስኪመታ ከክልሉ ውጪ መቆየት አለበት። አንድ ጨዋታ ላይ ዳኛው ይህን ስላልያዙት ደጋግመው አስመለሱብን። ልጆቹ ሊጮኹ ሲሉ ዝም አሰኘኋቸው። ዕረፍት ላይ ሕጉን በስልኬ አውጥቼ ቀስ ብዬ አሳየኋቸው። አነበቡ፣ ነገሩን ተቀበሉ፣ ከዕረፍት መልስ ፈቀዱልን። ሰው ፊት ብከራከር ኖሮ ቢጫ ካርድ ይዤ ነበር የምገባው።

ዐብይ ጾም ሲገባ 55 ቀን የተለየ ሥራ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። አትጹሙ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። ልምምዱን ከአስር ሰዓት ተኩል በኋላ አድርገን አሳጠርነው፤ ሩጫውን ቀንሰን ቅብብሉን ጨመርን። በሶ በጥብጦ በኮዳ የሚያመጣ ልጅ ነበረ፤ ሌሎቹም ለመዱት። ለሕማማት ሙሉ በሙሉ ዘጋን። ቀኑን ሲሰግድ የዋለን ልጅ «ሩጥ» ማለት ነውርም ነው፣ አይጠቅምምም።

ግማሽ ፍፃሜው ግንቦት ላይ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ 1 ለ 0 ተመራን። በዕረፍት አንገታቸውን ሲደፉ የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ላይ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታን ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ አንዴ አቻ ሆንን፤ ወዲያው እንደገና ተመራን። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል አቻ አደረገን፤ ከዚያ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፍን። የእንግሊዝ ቡድን ተቀያሪዎችን ሳይቀር የሚዘረዝሩት ልጆች ስማቸውን የሰሙት ያን ቀን ነው።

ገቡ። ያ አስር ጭረት ያልሞላው የቀኝ ተከላካይ ከኋላ ኳስ ይዞ ተነሳ፤ አንዱን አለፈ፣ አቀበለ፣ መልሶ ተቀበለ፣ አሻገረ። አጥቂያችን በቴስታ አገባት። 1 ለ 1። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ገባብን። ከተቀያሪ ወንበር አንዱ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ልክ እንደነገሩን እየሆነ ነው!» ብሎ ጮኸ። እስከዚያ ድረስ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ታሪኩ አልተከተለንም፤ 2 ለ 1 አለቀ።

አሁን የ8ኛ ክፍሎቹ ለክልላዊ ፈተና ተቀምጠዋል፤ ኳስ ቤት ተቆልፎባታል። የቡድኑ ግማሽ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይሄዳል። ይህ የትምህርት ቤት አሰልጣኝ ዕጣ ነው፤ በየዓመቱ ከግማሽ ትጀምራለህ። ለዚህ ብዬ ከሚያዝያ ጀምሮ የ6ኛ ክፍሎችን ታችኛው ሜዳ ላይ እያስገባሁ ነው። ለእነሱ በቁጥር 5 ፈንታ አሮጌዋን ቁጥር 4 ኳስ መድበናል።

አንድ ያላሰብኩት ነገርም መጥቷል። ከ7ኛ ክፍል ሁለት ልጃገረዶች በአራት ለአራቱ ይጫወቱ ነበር። አንደኛዋ ሁለተኛው ሜዳ ድረስ ወጥታለች፤ ወንዶቹም ማጉረምረም ከተዉ ቆዩ። ውድድሩ የወንዶች ስለነበረ አልተሰለፉም። ለሚቀጥለው ዓመት ጓደኞቻቸውን ሰብስበው «የራሳችን ቡድን ይኑረን» ብለው መጥተዋል። ደስ ብሎኛል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከትምህርት መልስ ውኃ መቅዳትና እራት ማገዝ አለባቸው፤ ለወንዶቹ የሠራው አስር ሰዓት ለእነሱ አይሠራም። የምሳ ዕረፍቱን አስቤ ነበር፤ ግን በፈረቃ ስለምናስተምር ሜዳው ያኔ ባዶ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ገበያ አለ። የሴቶች ቡድን ያላችሁ፣ ልምምዱን ስንት ሰዓት ነው የምታደርጉት? ወላጆችንስ ምን ብላችሁ አስማማችሁ? መስከረም ሳይገባ ብትነግሩኝ ፕሮግራሙን በዚያው አወጣለሁ።